ከጣሳው በላይ ያለችው እፍኝ

የገበያ ዕቅዳችንን ማደስ የሚባለው ነገር ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ፈጅቶብኛል። ባነሩ፣ ቪዲዮ የሚያነሳው ስልክ፣ በባጃጅ ላይ ተጭኖ ሱቃችንን ሲጠራ የሚውለው ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ። ደንበኛ ሲርቅ አብሮ የሚሄደውን አልደመርኩትም፤ እሱ ደረሰኝ የለውም።

ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የዘር ሱቅ አለኝ። ማሾ፣ ማሽላ፣ በቆሎ እንሸጣለን። ከባለቤቴ ጋር ነው የከፈትነው። እሷ ጣሳውን ትይዛለች፣ እኔ ዋጋውን። አምና በጉበት ታማ ሞተች። እኔ ከዋጋው ጋር ቀረሁ።

ልጃችን ደብረ ብርሃን ማርኬቲንግ ተምራ መጥታለች። ክረምቱ ሲቃረብ፣ "አባዬ፣ ዕቅዳችሁን እስቲ እንከልሰው" አለችኝ። ዕቅድ ተብሎ የተጻፈ ነገር ኖሮን አያውቅም። እኔ እያወራሁ እሷ ላፕቶፗ ላይ ታሰፍር ጀመር።

"ማስታወቂያችሁ ምን ነበር?"

"የምን ማስታወቂያ? አጣዬ ድረስ ያውቁናል።"

"በምን?"

"በምርቃት።"

ጣሳው ሞልቶ ከተገለበጠ በኋላ በላዩ ጣል የምትደረገዋን እፍኝ ማለቴ ነው። ልጄ በጣቷ እየቆጠረች አሰላችው። "በነፃ የበተናችሁትን ብትሸጡት ኖሮ ሁለተኛ ሱቅ ይከፍት ነበር" አለች። ነጋዴ ነኝ፤ ሒሳብ ሲናገር አልከራከርም። እፍኟ ከዕቅዱ ወጣች፤ በቦታዋ ባነርና ቴሌግራም ገቡ። ባነሩ "ጥራት መለያችን ነው" ይላል። ጎረቤቴ ጫት ሻጩም ያንኑ ነው የጻፈው።

"ይህ ዘር በዚህ ክረምት ካልወጣ ሱቁን እዘጋለሁ" አልኳት። ማስፈራሪያ አልነበረም። የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ ዘር እህል ነው፤ እህል ደግሞ በኛ አገር ሙቀት የነቀዝ ነው።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን አንዲት የቀወት ሴት አህያዋን በር ላይ አስራ ገባች። ማሾ ሰፈርኩላት። ከፈለች። ከረጢቷን ግን እንደከፈተች ቆመች።

"ሞላልሽ እኮ።"

"መርቁልኝ እንጂ ጋሼ።"

"ምርቃት ቀርቷል። ቴሌግራም ግቢ፣ እዚያ ቅናሽ አለልሽ።"

"እሱ ይበቅላል?"

ወረፋ የያዙት ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ አለቀ፣ ከረጢቱ ግን አልተዘጋም። ዓይኗ በትከሻዬ አልፎ ከኋላዬ ያለውን በርጩማ ያያል፤ ባለቤቴ የምትቀመጥበትን። ዘወር አልኩ። ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን እያወቅኩ ምን አያለሁ ብዬ እንደዞርኩ ለራሴም አልገባኝም።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም እንደሷ ሆኑ። ይሰፈርላቸዋል፣ ይከፍላሉ፣ ከረጢቱን ከፍተው በትከሻዬ በኩል ያያሉ። እኔም ለመደብኝ። ቀትር ላይ፣ ሰው ከመንገዱ ሲጠፋና ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ጣሳ ማሾ ውስጥ ሲገባ ሿ የሚለው ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኛል።

"አንቺ ነሽ?" እላታለሁ ልጄን።

"ምኑ?" ትለኛለች፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

ቀጥሎ መምጣቱንም ተዉት። "ምርቃቱ አብሯት ተቀበረ" ይባላል አሉ። ያልተመረቀ ዘር ደግሞ መሬት ላይ የሚጥል ገበሬ የለም። ድምፅ ማጉያውን እስከ ካራቆሬ ላክሁት። ባለባጃጁ ሲመለስ፣ "ሁሉም ሰምተዋል ጋሼ፤ እትዬን ነፍስ ይማር ብለዋል" አለኝ። የነዳጁን ከፍዬ ለቅሶ አስደረስኩ ማለት ነው።

እፍኟን መለስኳት። ልጄ ላፕቶፗ ላይ "ክለሳ ሁለት" ብላ ጻፈች። በዚያው ሳምንት በየክረምቱ ከኛ የሚገዙ አንድ የአርጎባ ሽማግሌ መጡ። እጄ ሳይሰስት ሁለት እፍኝ ጣልኩላቸው። ከረጢታቸውን ከፍተው ቆሙ።

"አባባ፣ ሁለቴ መረቅኩዎት እኮ። ምን ጎደለ?"

"እፍኙማ ደረሰኝ። ቃሉስ?"

"የምን ቃል?"

"ባለቤትህ ሳትናገር ጥላልን አታውቅም። እፍኙን ብቻውንማ ዶሮም ለቅሞ ይሄዳል።"

እውነታቸውን ነው፤ ትናገር ነበር። ለክርስቲያኑ አንድ ነገር፣ ለሙስሊሙ ሌላ ነገር፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ለኔ እንደ ቬንቲሌተሩ ድምፅ ነበር፤ ሲኖር የማይሰማ። አፌን ከፈትኩ። ከዋጋ ሌላ ያልለመደ አፍ ነው።

"ማርያም ታብዛልዎት!"

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ። "መርየምን እኛም እናከብራታለን" አሉ። "ለኔ ግን በረካ በል። እሷ ተሳስታ አታውቅም።"

አንዱ ከወረፋው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

"አላህ በረካ ያድርግልዎት" አልኩ።

የወጣው ድምፅ የኔ አልነበረም። ዝግ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ብቻ ቀና የሚል፣ ስንት ዓመት ከኋላዬ የሰማሁት ድምፅ ነው። የሳቀው ሰው ሳቁን ዋጠ። ልጄ ስልኳን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ እንደሱ አትበል" አለች።

ሽማግሌው ግን "አሚን" ብለው ከረጢታቸውን አሰሩ።

ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ቆላውን ሳያዳርስ አልቀረም፤ በሚቀጥለው ገበያ በሩ ላይ አህያ ማሰሪያ ጠፋ። እሰፍራለሁ፣ እጥላለሁ፣ እናገራለሁ። በራሴ ድምፅ ልለው ብዬ ሞክሬያለሁ፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጮክ ብዬም ጭምር። እፍኙ ከእጄ ሲወርድ የሚመጣው ያው የሷው ነው። ሰዎቹ አሁን በትከሻዬ በኩል አያዩም፤ አፌን ነው የሚያዩት።

ልጄን አንድ ቀን፣ "ይህን ቀርጸሽ ቴሌግራሙ ላይ ብትለጥፊውስ? ይሸጣል" አልኳት፤ ነጋዴ ሞቶም ንግዱን አይተውም።

"ይኼ አይቀረጽም" አለች። ገበያ ሲደርስ አሁን ጓዳ ነው የምትውለው።

ክረምቱ ሲወጣ ሒሳቡን ዘጋን። ዘሩ አልቋል። ሱቁ ክፍት ነው። ከወጪ ቀሪ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር።