የማይደገም ምርቃት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ጋሽ ሙላት ፎቶ ቤት ነው። ካሜራ ይሰጠኛል ብዬ እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ ሄጄ ነበር። የሰጠኝ ግን ተጣጥፎ የሚያዝ ክብ ጨርቅ ነው፤ አንዱ ገጹ ነጭ፣ ሌላው ብርማ። ሪፍሌክተር ይባላል።

«ፀሐይዋን በዚህ ትቀበይና ሙሽራዋ ፊት ላይ ትለቂያለሽ» አለኝ። «ብርሃን ያዥ አያወራም፣ አይስቅም፣ ካሜራ አይነካም።»

ከኪሴ ብቅ ያለውን ደብተር አየና «ይህስ ምንድን ነው?» አለ።

«ግጥም እጽፋለሁ፣ ጋሼ።»

«በይ ገጣሚዋ፣ ቦርሳውን አንሽ።» ከዚያ ቀን በኋላ ስሜን ጠርቶት አያውቅም።

በእኛ ሥራ እርከን አለ። ከታች ብርሃን ያዥ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ካሜራ የሚይዝ፣ ከላይ ዋናው አንሺ። ሁለተኛ ስላልነበረን አሮጌዋ ካሜራ እኔ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች፤ ዋናዋ ብትበላሽ ፈጥኜ እንዳቀብለው ብቻ። ባትሪ መሙላት፣ ሌንስ መወልወል፣ ሜሞሪ መለወጥ በአንድ ወር ለመድሁ። ማንሳትን ግን ማንም አላስተማረኝም። ጋሽ ሙላት ዘወር ሲል ወንበሩንና መጋረጃውን አነሳለሁ፤ እግሩን ስሰማ አጠፋለሁ።

እሱ በእስቴ የታወቀበት ቃል «ይደገም!» ነው። ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች፤ እነሱም ይመርቋታል። ጋሽ ሙላት የመጀመሪያውን ምርቃት ለብርሃን መለኪያ ያደርገዋል። ፎቶው ይጨልምበታል ወይም ይነጣበታል፤ ያስተካክልና «ይደገም!» ይላል። ልጅቱ ተመልሳ ትንበረከካለች። አንድ ቀን ሦስቴ ሲያስደግም የልጅቱ አባት «ሦስት ጊዜ ከዳርኋትማ ጥሎሹም ሦስት ይሁን!» ብለው ዳሱን በሳቅ ሞሉት።

በጥር ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሰርግ ደረሰን። መኪናው መንገዱን አልቻለውም፤ ዕቃውን አህያ ላይ ጭነን የቀረውን በእግር ሄድን። የሙሽራዋ አባት መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ ገብሳቸውንም ራሳቸው ያርሳሉ። እናትየው እትዬ ጥሩወርቅ ገና ዕቃ ሳናወርድ የጋሽ ሙላትን ክንድ ያዙ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ የዳሱንም የድግሱንም ተወው። አባቷ ሲመርቋት ያለውን ብቻ አስቀርልኝ። ልጄ መተማ ነው የምትሄድ። በምን አያታለሁ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት» አላቸው።

ማዕድ ቀርቦ መሪጌታ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ጋሽ ሙላት ካሜራውን አነሳ። «መሪጌታ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።»

መሪጌታ እንጀራውን ቆረሱ። «ደርሷል። ብላ።»

ጋሽ ሙላት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኒህ ሰው የሚደግሙ አይደሉም አልሁ በልቤ።

«ጋሼ፣ ብርሃኑን አሁኑኑ ብንለካውስ?»

«ብርሃን ያዥ ምን አያደርግም?»

«አያወራም።»

«እህ!»

ሚዜዎቹ በቅሎዋን ደጅ አቁመው ሲያጣድፉ ሙሽራዋ ፊቷን ተሸፍና አባቷ ከተቀመጡበት መደብ ፊት ተንበረከከች። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ። ጋሽ ሙላት ቆሞ ፍላሹን አነጣጠረ። እኔ በሩ ሥር በርከክ ብዬ ፀሐይዋን በብርማው ገጽ ወደ ውስጥ መለስኋት። ከዚያ ዝቅታ የታየኝ ለቆመ ሰው አይታይም። ከላይ የሚታየው ነጭ ነጠላ ብቻ ነው፤ ከነጠላው ሥር ግን የልጅቱ ፊት አለ። ከንፈሯ ጉልበታቸው ላይ፣ እጃቸው ራሷ ላይ፣ ዓይናቸውም ሞልቶ።

ካሜራዋን ከነካሁ ልባረር እችላለሁ። ካልነካሁ ይህ ያልፋል። ሪፍሌክተሩን በጉልበቴና በምሰሶው መሀል አጣብቄ አሮጌዋን አነሳሁ። ሦስት ጊዜ ተጫንሁ።

የጋሽ ሙላት ፍላሽም በራ። ያነሳውን አየና «ነጣብኝ! ይደገም!» አለ።

መሪጌታ ተነስተው ነበር። «ምኑ?»

«ምርቃቱ፣ መሪጌታ። አንዴ ብቻ።»

«ያለኝን ሰጠኋት፣ ልጄ። ከእንግዲህ የምለው ለእሷ ሳይሆን ለካሜራህ ነው።»

እልልታው ቀለጠ፤ ሚዜው ሙሽራዋን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ጋሽ ሙላትን አዩት። እሱ መሬቱን አየ። እንደዚያ አንሶ አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ አለ» አልሁት።

«ምኑ?»

አሮጌዋን ካሜራ ሰጠሁት። አየ፤ ደግሞ አየ። ቁጣውን ስጠብቅ ዋናዋን ካሜራ ከአንገቱ አወለቀና እኔ አንገት ላይ አጠለቃት።

«ሩጭ! በቅሎዋ ላይ ስትወጣ እንዳያመልጥሽ።»

ጎንበስ ብሎ ሪፍሌክተሩን ራሱ አነሳ።

ያን ዕለት ከሰርገኛው ቀድሜ ቁልቁለቱን በረርሁት። ጋሽ ሙላት ብርሃን ይዞ ከኋላዬ ያለከልካል። «በግራ በኩል! ኧረ በግራ!» ሲለኝ ዞር አልሁና «ጋሼ፣ ብርሃን ያዥ አያወራም!» አልሁት። ሚዜዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

አልበሙን ይዘን ስንመለስ እትዬ ጥሩወርቅ ያን ገጽ አዩና ወደ ባላቸው ዞሩ። «አልቅሰው ኖሯል!»

«ማን? እኔ? ይህች ልጅ ፀሐይ ዓይኔ ላይ ለቃብኝ ነው።»

«ፀሐዩስ ሲያጭዱም ነበረ። ያኔ አላለቀሱ!»

መሪጌታ ወደ አልበሙ ጎንበስ አሉ። አልበሙን እስከ መጨረሻው ገለጥሁላቸው፤ ልከድነው ስል እጄን ያዙት።

«እስቲ ያችን ገጽ ድገሚልኝ» አሉ።

ዛሬ ወገዳ ላይ የራሴ ፎቶ ቤት አለኝ። አዲስ ረዳት ስቀጥር መጀመሪያ ሪፍሌክተር አስይዛለሁ፤ ያየውን እንዲናገርም እፈቅድለታለሁ። ብርሃን የሚለካው ሙሽራዋ ከመንበርከኳ በፊት ነው።