የዋንዛው ቦታ

ጭሮ ላይ ቤት ሠርቼ ስገባ ሳሎኑ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። አጠገቡ የጥላ ዛፍ ለመትከል ወሰንኩ፤ ግን የትኛውን? ሾላ ጥላው ሰፊ ነው፣ ሥሩ ግን ግድግዳ ይሰነጥቃል አሉኝ። በምዕራብ በኩል የሚያዋስኑኝን አሮጊት ጎረቤቴን ጠየቅኳቸው።

«ዋዴሳ ትከል» አሉኝ። ዋዴሳ በኦሮምኛ ዋንዛ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ።

ጥላው የት እንደሚያርፍ ለማየት ጓጓሁ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ረጅም አጣና አቁሜ ጫፉ ላይ ጆንያ ዘረጋሁበት። ከሰዓት በኋላ ጥላው መስኮቴ ላይ ሲያርፍ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ጎረቤቴ በአጥር በኩል ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጆንያህ ማሽላዬን ፀሐይ ከለከለው!»

ሄጄ ሳይ፣ ሰሌን ላይ ያሰጡት ማሽላ መሃል ጥላው ተኝቷል። ዛፍ ሲሆን ሙሉውን ሊሸፍነው ነው። እኔ የጠዋቷን ፀሐይ ጭራሽ አላሰብኳትም ነበርና አፈርኩ።

«እማማ፣ በቃ ዛፉ ይቅርብኝ» አልኳቸው።

«ለምን ይቀራል? እንጨቱን አንሳው፣ አብረን እንፈልጋለን።»

ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው ጠዋት ከግቢያቸው፣ እኔ ከሰዓት ከመስኮቴ እያየን አጣናውን ወዲያ ወዲህ አዛወርነው። በመጨረሻ ከቤቱ ማዕዘን ወዲያ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ለሁለታችንም የሚሆን ቦታ ተገኘ። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ፤ ችግኙን ግን «ቢስሚላህ» ብለው እሳቸው ተከሉት።

ዘንድሮ ዋንዛው ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ ከሰዓት በኋላ የመስኮቱ ግማሽ ላይ ያጠላል።