ጓጉንቸሩ

ሊሙ ገነት የደረስን ዕለት የክሊኒኩን ሽማግሌ ዘበኛ ዓይን አልወደድኩትም። አልጋና ቁም ሳጥን የተገጠመላት ተዘዋዋሪ የሕክምና መኪናችን የምታድረው እሳቸው ጋ ስለሆነ፣ የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን በጓጉንቸር ቆለፍኩት። ከማግስቱ ጀምሮ ባትሪው በየጠዋቱ ሞቶ ይጠብቀን ጀመር። በደርግ ጊዜ ዕቃ በራሱ አይበላሽም፤ አሻጥር ነው። "ወላሂ አልነካሁም" ቢሉም ለቀበሌ ጠቆምኳቸውና ታሰሩ።

ባትሪው ግን እንደገና ሞተ። ከጅማ የመጣው መካኒክ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ በገመዱና በባትሪው መሃል ትንሽ አምፖል ቢያገናኝ በራች። "ሁሉም ጠፍቶ ኃይል የሚበላ ነገር አለ" አለና ሲፈልግ ቁም ሳጥኑ ጋ ደረሰ። በሩ ሲዘጋ መጥፋት ያለበት የውስጥ መብራት፣ ጓጉንቸሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ስለያዘው ቀን ከሌት ይበራ ነበር።

"ማነው የቆለፈው?" አለኝ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

"ዘበኛው" አልኩ።