ያልሞተውን አልሰብርም

ባለሙያ ነውና ኡስታ የሚሉት ሙንዚር ተሳዳቢ ነበር። በባግዳድ የሲናዓ መንገድ ኮምፒውተር የሚሸጥ፣ የሚለውጥ፣ የሚጠግን ሁሉ ይህን ያውቃል። ሀርድ ዲስኩን ከጠረጴዛ ላይ ጥሎ ካፈረጠው በኋላ መጥቶ «ምንም አላደረግሁትም፣ ዝም ብሎ ተበላሸ» የሚለውን ደንበኛ ኮሌታውን ይዞ እስከ በሩ ይገፋዋል። አንድ ነጋዴ የተቃጠሉ ዲስኮች ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፎ አመጣና «ደህና ናቸው በልልኝ» አለው። ሙንዚር ከዲስኮቹ አንዱን አንስቶ የሰውየውን የፊት ጥርስ አራገፈለት። ደግ አደረገ፤ ያ ሰው ስንቱን ተማሪ አስለቅሷል።

ግራ ጆሮው አይሰማም። መንገዱ ላይ ቦምብ የተጠመደባት መኪና የፈነዳች ቀን የሱቁ መስታወት ፊቱ ላይ ረገፈ፤ ፊት ለፊቱ ሻይ ይሸጥ የነበረውን ጎረቤቱን ደግሞ ከአስፋልቱ ላይ በብርድ ልብስ ለቅመው ነው የቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ሙንዚር ዲስክ ሲያዳምጥ የካቻቢቴውን ጫፍ ዲስኩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን በጥርሱ ይነክሳል። ድምፁ በአጥንቱ በኩል ይገባለታል።

ቁጣው እንደዚያ ይሁን እንጂ በሥራው ላይ ሕግ ነበረው። የታመመ ዲስክ ሳይገለበጥ አይመረመርም። መመርመሪያው ፕሮግራም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል፤ ልቡ የደከመን ሽማግሌ ፎቅ እንደማስወጣት ነውና ስንቱ እዚያው ምርመራው ላይ ቀርቷል። ስለዚህ መጀመሪያ በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ማሽን ይገለብጣል፤ ግልባጩንም ባለቤቱ መጥቶ «በቃኝ» እስኪለው ድረስ አያጠፋውም። ከዚያ ነው ፕሮግራሙን የሚያስነሳው። ስክሪኑ በትንንሽ ሳጥኖች ይሞላል፤ ጤነኛው ቦታ ግራጫ፣ የደከመው ብርቱካናማ፣ የሞተው ቀይ ሆኖ ይታያል።

ደግሞም «ሞቷል» ያለውን ዲስክ እዚያው ባለቤቱ ፊት በመዶሻ ይሰብረዋል፤ ነጋዴ ከቆሻሻ ለቅሞ መልሶ እንዳይሸጠው። ያልሞተውን ግን ሚኒስትር ቢያዘውም አይሰብርም። ስለ ዲስክ ዋሽቶም አያውቅም። የልጆቿን ፎቶ ይዛ የመጣች እናት እንኳ እያለቀሰች ብትለምነው «ሞቷል እናቴ፣ ቁርጥሽን እወቂ» ይላታል እንጂ አያባብላትም።

ብሔራዊ ቡድኑ ያሸነፈ ዕለት ባግዳድ እንደ ልማዷ ወደ ሰማይ ተኮሰች። የሐጂ ሚዝዓል ቤተሰብም ከነሴቶቹ በራፉ ላይ ወጥቶ ሲጨፍር፣ የሐጂው ትልቁ ልጅ ሁማም ከኋላው ተመትቶ ወደቀ። አስፋልቱ ላይ ሁለቴ ተንፈራግጦ አለቀ።

ማን ገደለው ብሎ የጠየቀ የለም። ከመንገዱ ማዶ የሰፈሩን ጄኔሬተር የሚያስነሳው ሰርመድ የሚባል ጎረምሳ አለ። በዚያው ሰሞን የእነ ሐጂን የመብራት መስመር ቆርጦባቸው፣ የሁማም ታናሽ ሽላል በአደባባይ በጥፊ አጩሎት ነበር። ሰርመድም ከንፈሩን እየጠረገ «ይቺ ጥፊ በደም ትመለሳለች» ብሎ ዛተ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እናም ሲነጋ፣ በጎሳ ወግ መሠረት፣ የእነ ሽላል ክላሽ በሰርመድ ቤት ላይ ተንጣጣ። የውኃው ታንከር ተበሳሳ፣ ጄኔሬተሩ ተመታ፣ የሰርመድን እናት ጭኗን ጥይት አለፈባት። ሰርመድንም ከእናቱ ደም ላይ ጎትተው ወሰዱት።

የሰርመድ ጎሳ ሽማግሌዎች ሻሻቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ለመኑ። «በራችሁ ላይ ካሜራ አለ። እሱ ታይቶ ልጃችን ከሆነ ደሙ የእናንተ ነው» አሉ። ሐጂ ሚዝዓል እሺ አለ። ችግሩ፣ ጄኔሬተሩ የተመታ ጊዜ መብራቱ ከልክ በላይ በርትቶ ጠፋና የካሜራውን ዲስክ አብሮ ጎዳው። እነሱው ተኩሰው እነሱው አበላሹት እንግዲህ!

ሱቁ የገቡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሐጂው ጥቁር ለብሷል። ሽላል ዓይኑ ደም መስሏል። የአጎቱ ልጆች በሩ ላይ ክላሻቸውን አንግበው ቆሙ፤ መንገዱ ወዲያው ጭር አለ።

«ኡስታ፣ ይሄን መርምር። ያለውን አውጣልኝ። ግን አታየውም» አለ ሐጂው።

«ሳላየው እንዴት አድርጌ ላወጣው ሐጂ?»

«ሴቶቻችን አሉበት። ፀጉራቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ እልል እያሉ ወጥተዋል። ባዕድ አያያቸውም።»

«ታዲያ ዲስኩን ልመርምር ወይስ ዓይኔን ላውጣ?»

ሽላል ክላሹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ከቸገረህ እኔ አወጣልሃለሁ!»

«ይሄን ብረትህን አንሳ፣ አንተ ልጅ። ዕቃዬን ትፍቅብኛለህ» አለ ሙንዚር። ክላሽ ፊትም አፉ አይታሰርም።

«ተው ሽላል» አለ ሐጂው። «ኡስታ፣ ሰርመድ ከከተማው ውጪ ናህራዋን ያለው የጡብ ማቃጠያ ውስጥ ነው። የወንድሜ ልጆች ስልክ ይጠብቃሉ። እሱ ከሆነ ዛሬ ከምድጃው ይገባል። ካልሆነ ለእናቱ ይመለሳል። በቅዱሱ ዓባስ ስም ማልልኝ፣ እንደማታይ።»

ሙንዚር ማለ። ለመመርመር ማየት አያስፈልገውም፤ ሳጥኖቹን ካየ ይበቃዋል። ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ አዳመጠ። ዲስኩ ይነሳል፣ ያቃስታል፣ ቀጭ ብሎ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል። ቀስ አድርጎ መገልበጥ ጀመረ። የቀረበላቸውን ሻይ የነካ አልነበረም። ውጪ አንድ ተሸካሚ ጋሪውን ሲገፋ የሽላልን መኪና ጫረ። ሽላል ወጥቶ በሰደፍ አፍንጫውን ሲሰብረው ሰውየው ጋሪው ሥር ተንከባለለ፤ የሚያነሳው እንኳ አልተገኘም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግልባጩ አለቀ፤ ምርመራው ተጀመረ። ዳር ዳሩ ቀይ ነው። ከወደ መሐሉ ያለው፣ የዚያ ዕለት ቅጂ የተቀመጠበት፣ በሙሉ ግራጫ ሆነ።

«ዲስኩ ታሟል እንጂ አልሞተም። ያ ሰዓት አለ፣ ሐጂ» አለ ሙንዚር።

ሐጂው ልጆቹን አስወጥቶ በሩን ዘጋ፣ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ሙንዚር ማጫወቻውን አሳየውና እንደማለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ካሜራው ድምፅ የለውም። በደህናው ጆሮው የሰማው የማውዙን ቀጭታ ብቻ ነው። ደግሞ ቀጭ አለ። ሐጂው ወደ ኋላ እየመለሰ ያያል ማለት ነው። ቀጥሎ ወንበሩ ተንቋቋ፣ አንድ ትንፋሽ ከደረት ተጎትቶ ወጣ።

«ኡስታ።»

«አቤት ሐጂ።»

«ስበረው።»

ሙንዚር ዞረ። ስክሪኑ ጠፍቷል። የሐጂው ፊት አመድ መስሏል።

«ምኑን?»

«ዲስኩን ስበረው። ሞቷል በላቸው።»

«አልሞተም። ያልሞተውን አልሰብርም።»

«ልጄ ነው የሞተው! ስበረው አልኩህ!»

«ወላሂ! አልሰብርም!» ብሎ ሙንዚር እጁን ዲስኩ ላይ ጫነበት።

ሐጂው ሽጉጡን መዝዞ ተኮሰ። ጥይቱ ዲስኩን በስቶ ጠረጴዛው ውስጥ ገባ፤ የሙንዚርንም ሁለት ጣቶች ይዞ ሄደ። በሩ በእርግጫ ተከፍቶ ሽላል ሲገባ፣ ሙንዚር እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ እንደ በሬ ያጓራል።

«አባዬ! ምንድነው?»

«ሰርመድ ነው» አለ ሐጂው። ድምፁ አይደለም ዓይኑ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። «አይቼዋለሁ። ደውልላቸው።»

ሽላል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

ሙንዚር ደሙ እየወረደ አሰበ፤ ያን ያህል ማሰብ ይችል እንደነበር እሱም ኋላ ገርሞታል። የልጁን ገዳይ በዓይኑ ያየ አባት ማስረጃውን አቅፎ ለአገር ያሳያል እንጂ በጥይት አይበሳውም። ሰውየው የተኮሰበት ዲስክ ብቸኛው መስሎታል። ከሁሉ በፊት መገልበጡን ማን ነግሮት! መሐላውም ትዝ አለው። የዓባስ መሐላ ቀልድ አይደለም፤ ያፈረሰ ሰው ቤቱ ይፈርሳል ተብሎ ነው ያደገው።

«ሽላል! እንዳትናገር! ና እይ!»

በግራ እጁ ግልባጩን ከፈተና ስክሪኑን ወደ በሩ አዞረው።

«ሴቶቹን!» ብሎ ሽላል ዘሎ መዳፉን ስክሪኑ ላይ ዘረጋ፤ እናቱና እህቶቹ በቆሙበት ጥግ ላይ። የቀረውን በጣቶቹ መሐል አየ።

ሁማም ሸሚዙን ከራሱ በላይ እያዞረ ይጨፍራል። ማዶ ሰርመድ በጥቁር ዘይት የተነከረ እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ይስቃል፤ መሣሪያ የሚባል የለውም። ሐጂ ሚዝዓል ከደረጃው ላይ ሆኖ ክላሹን በአንድ እጁ ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ከዚያ እግሩ ከደረጃው ሸርተት አለ፣ ጣቱ ምላጩን አልለቀቀም፣ አፈሙዙ ወደ ታች መጣ። ሁማም በግንባሩ ተደፋ። ጭሱና ጩኸቱ ውስጥ ሐጂው ምንም ሳያውቅ መሣሪያውን ጥሎ ወደ ልጁ ሲሮጥ ይታያል።

ሽላል ከስክሪኑ ዞር ሲል አባቱ ሽጉጡን በገዛ አገጩ ሥር ደግኗል። ተወርውሮ ያዘው። ተናነቁ፤ ሽማግሌው እንደ ጉድ ጠነከረ። ሽላል ሌላ ቢያጣ የአባቱን እጅ በጥርሱ ነከሰ፣ ሥጋው እስኪቦጨቅ። ጥይቱ ጣሪያውን በስቶ ወጣ፣ ሽጉጡም ወደቀ። ወለሉ ላይ ከተጣለው ስልክ ሰው ይጮኻል፦ «ሄሎ? ሽላል? ምን እናድርገው? እናስገባው?»

ሽላል በአባቱ ደም በጨቀየ አፉ «ፍቱት» አለ።

«ምን?»

«ፍቱት! ፍቱት! ፍቱት!»

ሰርመድ ክንዱ ተሰብሮ ለእናቱ ተመለሰ። ሙንዚር ሆስፒታል ገባ። ሚስቱ ኢቅባል እየተንሰቀሰቀች «አንተን ምን አገባህ? ሰባብረህ አትሰጠውም ነበር?» ብትለው፣ «አልሞተም ነበራ» ብሎ ተቆጣት።

ሱቁን ሊከፍት የሄደ ቀን የቆርቆሮው መዝጊያ ላይ በቀይ ቀለም «በጎሳ ይፈለጋል» ተብሎ ተጽፎ አገኘ። መሐላ አፍርሶ ሴቶቻቸውን ለዓይን አሳይቷል ነው የሐጂው ጎሳ ክስ። ስለ ሁለቱ ጣቶቹ የጠየቀ ግን አልነበረም! ሙንዚር መዝጊያውን እስኪጎደጉድ በእርግጫ መታው። እንዲህ የተጻፈበትን ሱቅ ደፍሮ የሚከፍት የለም፤ የሚገባም ደንበኛ የለም። ጽሑፉን ራሱ ቢፍቀው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ጥይት ነው። የሠራበትን ዕድሜ ሁሉ እዚያ ቆርቆሮ ላይ ቆለፉበት። በየቀኑ እየመጣ የተዘጋው በር ሥር ይቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ይሳደባል።

ብርዱ ሲገባ ሐጂ ሚዝዓል ብቻውን መጣ። የነጭ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዟል። ከስቷል። ከማንም ሳይነጋገር ቀይ ጽሑፉን መቀባት ጀመረ፤ መዳፉ ላይ የልጁ ጥርስ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲናዓ መንገድ ሁሉ ከየሱቁ ወጥቶ ቆሞ አየ። የመጨረሻዋን ፊደል ከሸፈነ በኋላ ብሩሹን ጣለ።

«ክፈተው» አለ።

ገቡ። ሐጂው አቧራ የለበሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አለ?»

«አለ። በቃኝ አላልከኝም።»

«ከመጀመሪያው አሳየኝ።»

ሁማም ከበሩ ወጣ። ሸሚዙን አወለቀ፣ ጨፈረ፣ ወደ ደረጃው ዞሮ አባቱን በእጁ «ና ውረድ» አለው። ሙንዚር በቀሩት ጣቶቹ ምስሉን አቆመው። ሁማም እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ቀጥል» አለ ሐጂው።

«ከዚህ በኋላ የለም።»

«ምን ሆነ?»

«ቀይ ነው ሐጂ። ሞቷል።»

ሐጂው ዓይን ዓይኑን አየው። ሙንዚርም ዓይኑን አልሰበረም።

«መርምረኸዋል?»

«መርምሬዋለሁ።»

«የሞተውን ትሰብር የለም እንዴ?»

«እሰብራለሁ። የሚጨፍርበትን ቆርጬ ልስጥህ?»

ሐጂው ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «እሱን አልረሳውም።»

ሙንዚር የገዛ ማሽኑን ፈቶ ዲስኩን አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መዶሻውን በግራ እጁ አነሳ። ያልለመደ እጅ ነውና ደጋግሞ ሳተ። ሐጂው ዲስኩን በሁለት እጁ ያዘለት። ሲሰበር ስብርባሪው ጉልበታቸው ላይ ረገፈ። ዲስኩ ምንም አልነበረውም፤ ከዳር እስከ ዳር ጤነኛ ነበር።