«አዲሱ ቤት» ስንት ዓመቱ ነው?

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ካምፓላ፣ ንቲንዳ። ምግብ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ የተወለዱበት ቤት ሊፈርስ መሆኑን ከስልካቸው ላይ አነበቡ።

ቤቱ ያለው ሰሜን ሸዋ፣ ተራራ ላይ ነው። መንደሩ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ሰዉ ወደ አስፋልቱ ከወረደ ወዲህ ነዋሪ የለውም። አሁን አንድ የቅርስ ጥገና ፕሮጀክት የጥንቶቹን ቤቶች አድሶ ቱሪስት ሊያሳድርባቸው አቅዷል። በቴሌግራም በተላከው ዝርዝር ላይ የእሳቸው ቤት እንዲህ ተጽፏል፦ «አዲሱ ቤት። የቅርብ ጊዜ ግንባታ። ለመኪና ማቆሚያ ይፈርሳል።»

«ቅድመ አያቴ የተወለደችበት ቤት እኮ ነው!» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አዲሱ ቤት ተባለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስሙ ነዋ!»

ነገሩ ከነከነኝ። እዚህ ካምፓላም አዲሱ የሚባለው ታክሲ ፓርክ እኔ ስመጣ አርጅቶ ነበር። ዝርዝሩን ላዘጋጀው ባለሙያ ደወልኩ። ስሞቹን አስፋልት ዳር ከሰፈሩት ሽማግሌዎች እንደሰበሰበ ነገረኝ።

«ዕድሜውንስ ጠየቅህ?»

«ስሙ ይናገራል ብዬ...»

ጎረቤቴ ስልኩን ነጠቁኝ። «አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባስ የቅርብ ጊዜ ግንባታ ናት? አፍርሳታ እንግዲህ!»

ሳቀ። «እማማ፣ እውነትዎን ነው። ግን ያለ ማስረጃ ዝርዝር አልለውጥም። ማፍረሱ ደግሞ ሐሙስ ነው።»

እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። በዓይን የሚታይ ምልክት እንዲነግሩን ለመንኳቸው። የሚከትፉበትን ቢላ አስቀመጡ።

«የበሩን ጉበን እይ። መጋዝ አልነካውም፤ በመጥረቢያ የተጠረበ ነው። ልጅ ሳለሁ የመጥረቢያው ጠባሳ ውስጥ ጣቴን እከት ነበር። ብረትም የለበትም፣ ሚስማር እንኳ።»

ረቡዕ ባለሙያው ተራራውን ወጥቶ ሦስት ፎቶ ላከ። ጉበኑ በመጥረቢያ የተጠረበ ነው፤ ሚስማር አይታይም። በአንደኛው ፎቶ ላይ የራሱን ጣት ጠባሳው ውስጥ ከቶታል።

አስፋልት ዳር ካሉት አንዱን ሽማግሌም ይህን ጊዜ ስለ ቤቱ ዕድሜ ጠየቃቸው። ቦታው ላይ የነበረው ቤት ተቃጥሎ በምትኩ ስለተሠራ አዲሱ መባሉን፣ ይህም አያታቸው ከመወለዳቸው በፊት መሆኑን ተናገሩ። ከአባታቸው የሰሙት ስለሆነ ማስታወሻዬ ላይ «የተሰማ» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የታረመው ዝርዝር ደረሰን፦ «አዲሱ ቤት። አሮጌ። ይጠገናል።»