እጄን ያወረድሁበት ሹመት

እኛ ያለነው በመርሳና በግራና መካከል ነው፤ መሬታችን የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ነው። በቦዩ ራስጌ ያለውን ሰው የላይ ቦይ፣ በግርጌ ያለውን የታች ቦይ እንለዋለን። ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቀበሌው ምክር ቤት እንኳ የላዩ ሰው በመስኮቱ በኩል፣ የታቹ ሰው በግድግዳው በኩል ነው የሚቀመጠው። እኔ የታቹ ነኝ። ለሽምግልናዬ ብለው መሰለኝ አባል አድርገውኛል።

ከማኅበራዊ ፍርድ ቤታችን ሦስት ዳኞች አንዱ ወልድያ ልጆቻቸው ዘንድ ገቡና ወንበሩ ጎደለ። ሦስቱ ካልተሟሉ ደግሞ ችሎት የለም። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ወንድም ድንበር እየገፋባት ከሳው ነበር፤ ክሷ እዚያው ቆመ። ሐምሌ ገብቷል፣ ሰውየው በሮቹን ጠምዶ ሊዘራበት ነው። ምክር ቤቱ በዚያ ቀን ስብሰባው ዳኛ ካልሾመ እህል ሳይሰበሰብ አይገናኝም።

ለሹመት የቀረበችው አንዲት የታች ቦይ ልጅ ናት፤ አስረኛን የጨረሰች፣ ባለትዳር፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ፊት ለፊታችን አቆሟት። ከላይ ቦይ በኩል ለመጠየቅ የተነሳው፣ ሰርግ ላይ ሲጠራ ሰው ምግቡን ትቶ የሚያዳምጠው ያ ቀልደኛ ነው። እሱን ሳየው ሰጋሁ። ሰው የሳቀበት ዳኛ አይሆንማ።

«እህቴ፣ አብሽሪ» አላት። «ባልሽ ከላይ ቦይ ሰው ጋር ቢካሰስ ለማን ትፈርጃለሽ?»

«በባሌ ጉዳይ ችሎት አልቀመጥም።»

«እንግዲያ ማታ ቤት ስትገቢ እሱ ይፈርድብሻላ!»

መስኮቱ በኩል ያለው ሁሉ አውካካ። ከእኛ ወገን አንዱ ብድግ ብሎ፣ «አንተስ ሚስትህ ስንቴ ፈርዳብሃለች?» አለው።

«እኔማ ወላሂ ይግባኝ እንኳ የለኝ!»

አሁን ግድግዳውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይደረግ፣ ያስቃል። ዘወር ስል እህቴ ከበሩ ጥግ በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆማለች። አልሳቀችም። ፊቴን መለስሁ።

ሰውየው ቀጠለ። «እኔና አማቼ ተካሰን ብንመጣ እሳቸውን አንቱ፣ እኔን አንተ ልትይን ነው? ይሄኔ እኮ አፌን ሳልከፍት ተሸነፍሁ።»

ቀልድ ቢመስልም ወጥመድ ነው። አማቹን አንተ ብትል ባለጌ ልትባል፣ ለያይታ ብትጠራቸው አድሏዊ ልትባል።

«ሁለታችሁንም አንቱ ነው የምላችሁ» አለች።

«ፍየል የሰረቀውንም?»

«አዎ።»

«ከፈረድሽበት በኋላስ?»

«ከፈረድሁባቸውም በኋላ። ‹ፍየሏን ይመልሱ› እላቸዋለሁ።»

ሌባውን ተፈርዶበትም አንቱ ስላለችው፣ ያ ሁሉ ሰው፣ የላዩም የታቹም፣ አንድ ላይ ሳቀ። ቀልደኛው ራሱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ «እንዲህ ከተባለማ ደንግጦ ከነግልገሏ ይመልሳል» አለ። አፈ ጉባኤው በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ ሳቁን ዋጠ። አለቀ፣ ተሾመች ብዬ ተነፈስሁ።

ሰውየው ግን አልተቀመጠም። ፊቱ ላይ ጨዋታ የሚባል ነገር ጠፋ።

«አንድ ቀረችኝ። የባለጉዳይ ዘመድ ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ ምን ትያለሽ?»

«ይነሱ እላለሁ።»

«ያን ጉዳይ የሚያየውን ዳኛ ለመሾም እጁን የሚያወጣ ዘመድስ?»

ወደ እኔ አየች። ቀና ብላ ነው ያየችኝ። ያለ እኔ እጅ ድምጹ እንደማይሞላላት ታውቃለች፤ ከመግባቷ በፊት የእኛ ሰዎች ጆሮዋ ላይ ሲቆጥሩላት ሰምቻለሁ። ዝም ብትል ወይም «እሱ ሌላ ነው» ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር።

«እሳቸውም ባያወጡ ይሻላል» አለች።

ግድግዳው በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። «ምን ነካት ይቺ ልጅ!» አለ አንዱ። ከኋላዬ ያለው ትከሻዬን ይዞ፣ «ጋሼ፣ አይስሟት፤ እጅዎን ብቻ ያውጡ» ይለኛል። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» አለ።

እጄን አነሳሁ። ትከሻዬ ድረስ ደርሳ ነበር። እህቴ እያየችኝ ነው፣ ልጅቱ ደግሞ መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ አሁን እጄን ባወጣ፣ ያቺ ልጅ የተናገረችው ሁሉ የሰርግ ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ነው። ይሄን ያህል አሰብሁ ማለት አልችልም፤ ብቻ ክንዴ ከበደኝና አወረድሁት።

በአንድ እጅ ጎደለ። ሹመቱ አልጸደቀም።

ስንወጣ እያካፋ ነው። ቀልደኛው ሮጥ ብሎ ደረሰብኝ። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ የወገን ነገር ሆኖ ነው።»

«ስታስቀን ጥሩ ነበርህ» አልሁት። እሱም ራሱን እያከከ ተመለሰ።

እህቴ ቀድማኝ ሄዳለች። በዚህ ጉልበቴ እንደምንም ደረስሁባት።

«እታለም…»

«አሁን አታናግረኝ።»

ቦዩ ድረስ ተከትያት ሄድሁ። ውሃው ደፍርሶ ጢም ብሏል። ከዚያ እሷው ጀመረች።

«እስከ መኸር ምን ልሁን?»

«ከእኔ ጤፍ እንካፈላለን፤ መቼስ አትራቢም።»

«ጤፍህማ ጤፍ ነው፣ ወንድምዓለም። እኔ መሬቴን ነው ያልሁህ።»

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆመችና ወደ መጣንበት ዞረች። አዳራሹ በር ላይ ልጅቱ ብቻዋን ቆማለች። የእኛ ሰዎች አንዳቸውም ሳያናግሯት በአጠገቧ እያለፉ ይወጣሉ። እህቴ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደዚያው መንገድ ጀመረች።

«ምን ልትያት ነው?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።