ሁዳዴን የጾመችው ድመት

ቆላ ስዳር እናቴ የሰጠችኝ ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ጋቢና አንዲት ድመት። ጋቢው ለሸዋ ሮቢት ሙቀት ምን ይሠራል? እንደተጣጠፈ ቀረ። ድመቷ ግን በአገልግል ተከድና፣ በበቅሎ ላይ እየጮኸች፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ከእኔ ጋር ወረደች። «የቆላ አይጥ ጥጃ ያክላል ይላሉ፤ ይዘሻት ሂጂ» ብላኝ ነበር እናቴ። እኔ አልቅሼ ሲደክመኝ እሷ ትቀጥላለች። ሚዜዎቹ «ኧረ ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» እያሉ ሲስቁብን መንገዱ አለቀ።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። ላይ ተራራው በድማሚት ይፈርሳል፣ ታች መኪናው አቧራውን እያስነሳ ወደ ካራቆሬ ያልፋል። ባሌን ሠርጋችን ሳይበርድ ለመንገድ ሥራ ይዘው ጣርማ በር አወጡት። እኔ ከዚያ ወረድኩ፣ እሱ ወደዚያ ወጣ፤ ዕድሌን እዩልኝ! ቤት የቀረነው እኔ፣ አማቴና ድመቷ ሆንን።

አማቴን «እሜቴ» ነበር የምላቸው። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ምላሳቸው ግን በርበሬ ነው። ጾም ላይማ አይነኬ ናቸው። ቄሱ ራሱ ቅዳሴ ሳይወጣ ቢርበው እሳቸው ፊት አያዛጋም።

ድመቴ ቆላ በገባች በሳምንቱ ታመመች። በሽታው እንዲህ ነበር፦ ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋና ያስቀምጣታል፤ ከዚያ ያስታውካታል። አንድ ሁለት ቀን ጎታው ሥር ተጠቅልላ ትተኛለች። ደግሞ ትነሣለች፣ ፀጉሯን ትልሳለች፣ አይጥ ታሳድዳለች። ዳነች ብዬ ደስ ሲለኝ ሳምንት ሳይሞላ ይመለስባታል። በየጊዜው ሰርዶ ነጭታ እየበላች፣ የበላችውን እያወጣች፣ አከርካሪዋ እስኪቆጠር ከሳች። እኔም አመድ ይዤ ከኋላ ከኋላዋ ነው፤ ያስመለሰችውን አለብሳለሁ፣ እጠርጋለሁ። አንድ ቀን እንግዳ በሚቀመጥበት ቁርበት ላይ አደረገችው። ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ያላደረግሁላት የለም። ጸበል ረጭቼባታለሁ። ጤና አዳም በትኩስ ወተት አሽቼ ግቻታለሁ፤ ባሰባት። ጨመርኩላት፤ የባሰውን ባሰባት። «ይህ ምን ዓይነት ሆድ ነው?» ይሉ ነበር አማቴ። «እህል የሚጠብቅ ሰው ስፈልግ እኔው የምጠብቀው በሽተኛ መጣልኝ!» ጎታው ውስጥ ያለው ማሽላ ለዘር የተቀመጠ ነው። አይጥ ከገባበት የከርሞ እርሻችን አለቀለት፤ ስለዚህ ነገራቸው ውሸት አልነበረም።

ጎረቤታችንን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሷ ወሬው አይሞላም። አጥራችን አንድ ነው። እስላም ናት፣ ደርባባ፣ ሳቂታ፤ ከአማቴ ጋር እሳት ሲጫጫሩ፣ ወንፊት ሲዋዋሱ የኖሩ ናቸው። ጣልያን ከመጣ ወዲህ ግን ባሏ ለመንገድ ሠራተኛው ፍየል እያረደ መሸጥ ጀመረ። አማቴም «የጣልያን ሥጋ ቆራጭ!» ብለው አጥሩን ዘጉት። ልጃቸውስ የማንን ድንጋይ ነው የሚፈልጠው? ግን ሙሽራ ይህን ተናግሮ የት ሊያድር! ክብሪት ብርቅ ነበርና ዳፋው ለእኔ ተረፈ፤ ምድጃው በጠፋ ቁጥር እዚህ አፍንጫችን ሥር የሚጨሰውን እሳት ትቼ፣ ገል ይዤ ጅረቱን ተሻግሬ ፍም እለምናለሁ። ስመለስ ግማሹ አመድ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል አማቴ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ይህች ድመት የምትወድቀው የረቡዕና የዓርብ ማግሥት ነው።»

አሰብኩት። እውነት ነው! አንድ ላም አለችን። በሌላው ቀን ወተቱን እኛው እንጠጣዋለን። በጾም ቀን ለቅቤ የሚሆነው ቅል ውስጥ ይገባና የተረፈው ለእሷ ይፈስሳል፤ ልጅ የለን፣ ለማን ይሰጣል? አማቴ ያዩት ግን ሌላ ነገር ነው።

«የክርስቲያን ቤት ድመት ሆና ጾም ትገድፋለች፤ ታዲያ ሆዷ ዝም ይበላት? ሁዳዴን ትጹም። ከዳነች እሰየው። እስከ ፋሲካ ካልዳነች ወንዝ ማዶ ነው የምጥላት፤ ወንዝ የተሻገረ ድመት አይመለስም።»

እንዴት እንዳለቀስኩ! ከእናቴ ቤት የመጣ፣ ትንፋሽ ያለው ነገር ቢኖረኝ እሷ ናት። ባሌን ገና አላወቅሁትም፤ ማታ እግሬ ላይ የምትተኛውን ግን አውቃታለሁ።

ጾሙ ገባ። የማሽላ ቂጣ በውኃ አርሼ አቀረብኩላት። አሸተተችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ወጣች። በነጋታውም እንዲሁ። በቃ በረኃብ ሞተች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እሷ ግን ምን ሆነች መሰላችሁ? ተቅማጡ ቆመ። ትውከቱ ቆመ። ሆዷ ለሰለሰ፣ ፀጉሯ ቅቤ እንደተቀባ ራስ አበራ፣ ጎኗ ሞላ! ሌሊት ጎታው ላይ ወጥታ ዘብ ትቆማለች፤ ያን ሰሞን አንዲት አይጥ ቤታችን ደፍራ አልገባችም።

አማቴ ሰማይ ነኩ። «ድመትሽ» ማለት ቀርቶ «ድመቴ» ሆነች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሴቶቹ ሁሉ አወሩ። ሴቶቹም ጾመኛዋን ሊያዩ እየመጡ በሩን አጨናነቁት። አንዷ ብቻ ከንፈሯን አጣማ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብትል፣ «አንቺ ያልጾምሽውን ነው የጾመችው!» ብለው አሳፍረው ሰደዷት። ማታ ማታ ደግሞ ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ፤ «የእንስሳዋን ጾም የሰማህ፣ የእኔን አትሰማም? ልጄን በደኅና አግባልኝ» ይላሉ። ያኔ ነው የገባኝ። የእኔ ጭንቀት ድመቷ እንዳትጣል ነበር፤ የእሳቸው ደግሞ የልጃቸው መመለስ ነው፤ ተስፋቸውን በእሷ ሆድ ላይ ጥለዋል።

ፋሲካ መጣ። አማቴ ገና ጎሕ ሲቀድ ትኩሱን ወተት በጣባ እስከ አፉ ሞሉና ድመቷ ፊት አስቀመጡት። «እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ! ከሰው እኩል ጾመሻል፣ ከሰው እኩል ፈስኪ።» ድመቷም ጣባውን እስኪያበራ ላሰችው። እኛ ሁለታችን እያየናት ሳቅን።

ወደ ማታ ሆዷ ተነፋ። በማግሥቱ መነሣት አቃታት። ዶሮ ወጣችን ምድጃ ላይ እያለ ማን ይብላው? ውኃ በጣቴ ሳንጠባጥብላት እንኳ አትልስም፤ ዓይኗ ብቻ ይከተለኛል። አማቴ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ጹሚ አልኳት፣ ጾመች። አሁን ደግሞ ምን አጠፋች?» አሉ። «ወይስ የእኔም ጾም እንዲህ ነው የተመለሰው?»

ለካ እኒህም ሴትዮ እናት ናቸው።

በዚያው ከሰዓት ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታችን ድምፅ ተሰማ። ስንት ወር ሙሉ ዝም ያለ አጥር!

«ኧረ እናንተ ቤቶች! ድመታችን ምን ሆነች? ሳንባዋን ቀቅዬ ብጠብቃት ብጠብቃት ቀረችብኝ፤ ደኅና ናት?»

አማቴ ቀስ ብለው ተነሡ። «ድመታችን?»

«አዎ፣ ይህቺ የሙሽራዋ። ወላሂ ክፉ ነገር የለውም፤ ባሌ ካረደው ጉበቱንና ሳንባውን ያለ ጨው እቀቅልላታለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከ… እናንተ ሁዳዴ ከያዛችሁ ወዲህ ነዋ። በየቀኑ ነው የምትመጣው። ዓርብ ዓርብማ ሁለት ጊዜ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔማ ለእኛ የሰለመች መስሎኝ ነበር» አለች።

እኔ ሳቄ መጣ። ሙሽራ አማቷ ፊት አትስቅም፤ በዚያ ላይ ድመቴ እየሞተች ነው። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። አማቴ ግን ፊታቸው ቀላ። የክርስቲያን ቤት ድመት፣ በሁዳዴ፣ የእስላም ሥጋ! ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያወሩት ሁሉ ዓይናቸው ላይ ሲመጣ አየሁት። በቃ ዛሬ ወንዝ ማዶ ናት አልኩ። ሳቄም ጠፋ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔም አጥሩን ይዤ ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ወተትስ ይሰጧት ነበር?»

«ኧረ ወተት ከየት አባቴ! ላማችን ከደረቀች ስንት ጊዜዋ።»

ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሁሉ መስመሩን ያዘ። ወደ አማቴ ዞርኩ።

«እሜቴ፣ እናቴ ቤት ላም አልነበረንም። እዚያ አንድ ቀን አልታመመችም። እዚህ ረቡዕና ዓርብ ወተት ስትጠጣ ታመመች፣ በወተት መድኃኒት ሳጠጣት ባሰባት፣ ሁዳዴውን ሳትጠጣ ዳነች፣ ለፋሲካ ጠጣች ወደቀች። ኃጢአት አይደለም፤ ሆዷ ወተት አይችልም። የእርስዎም ጾም አልተመለሰም።»

ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። አማቴ ጣባውን አዩ፣ ድመቷን አዩ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው» አሏት ጎረቤታችንን።

ጎረቤታችን የሳንባውን ሳህን በአጥሩ ላይ ስታቀብላቸው፣ እኔ ልቀበላቸው ብሮጥ በክርናቸው መለሱኝ። እኒያ ሴትዮ፣ የእስላም ሥጋ የተቀመጠበትን ዕቃ የማይሻገሩት ሴትዮ፣ ሳንባውን በጣታቸው አድቅቀው፣ መረቁን በመዳፋቸው ይዘው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ድመቷ አፍንጫዋን አንቀሳቀሰች። ምላሷን አወጣች። አንዴ ላሰች፣ አረፈች፣ ደግማ ላሰች። አማቴ መዳፋቸውን እንደዘረጉ፣ እግራቸው እስኪደነዝዝ አልተነሡም። እጃቸውን የታጠቡት እሷ ልሳ ስትጨርስ ነው።

ድመቷ ተረፈች። ጨርሳ ዳነች አልልም፤ ሆዷ ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ነገረኛ ሰው ነበር፣ ጥቂት ነገር ያስኮርፈው ነበር። ቅቤ የነካው፣ በርበሬ የሸተተው፣ ወተት የሚባል ነገር አይቀርብላትም። እኛም አመሏን አወቅን፣ እሷም ጎታውን ጠበቀች። ባሌም ክረምቱ ገብቶ ሥራው ሲቆም በእግሩ መጣ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በደኅና። አማቴ እሱን ስመው ሳይጨርሱ ዞር ብለው ድመቷን አዩአት።

በዓመቱ ለቅበላ፣ ጾሙ በነጋታው ሊገባ፣ አማቴ ድመቷን ታቅፈው ወደ አጥሩ ሲሄዱ አየሁ። ከኋላ ተከተልኩ።

«እስከ ፋሲካ አደራ» አሏት ጎረቤታችንን፣ ድመቷን ከላይ እያሳለፉ። «ወተት እንዳትሰጪያት። ሥጋውንም አድቅቂላት።»

«ኢንሻላህ! ፋሲካ ሲሆን ክርስትናዋን መልሼ አስረክባለሁ» አለች ጎረቤታችን፣ እየሳቀች።

አማቴም ሳቁ። ከዚያ የፍም ገሉን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው፣ ዓምና ድመቷን ባበሉበት በዚያው እጃቸው ዘረጉላት። ጎረቤታችንም ምንም ሳትጠይቅ ገባችና ከምድጃዋ የቀላ ፍም ሞልታ መለሰችላቸው። ያን ማታ ጅረት አልተሻገርኩም፤ እሳታችን ገና ትኩስ ሳለ ቤት ገባ።